የጉዞ ታሪክ

እናቴ ከአስፋልቱ ማዶ፣ በሩ ከተከረቸመ አንድ ቡቲክ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ከየመድኃኒት ቤቱ ተጠርጎ ያለቀበት ሰሞን ነበር። ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነው። በሌላ እጇ በፌስታል የቋጠረችው ትኩስ ድፎ ዳቦ ተንጠልጥሏል። ዓይኗን ከፊት ለፊቷ ካለው ሆቴል አምስተኛ ፎቅ አትነቅልም። እዚያ እህቴ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ቁልቁል ታያታለች።

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ እማዬ። ፀሐይ ነው፣ ጥላ ስር ግቢ።»

«ድምፅሽ ልክ አይደለም።»

«ስልኩ ነው።»

ዳቦው በር ላይ ካለው ጥበቃ አላለፈም። ልጁ ትሑት ነበር። «እማማ፣ ባደርስልዎት ደስ ባለኝ፤ ከውጭ ምግብ እንዳይገባ ተብለናል» አላት። እናቴ አልተከራከረችውም። ግማሹን ቆርሳ ለሱ ሰጥታው፣ የቀረውን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። በማግስቱ እንደገና ጋገረች።

እህቴ ከዋሽንግተን ተነስታ ቦሌ ያረፈችው መጋቢት 16 ቀን 2012 ነው። ቲኬቱን የቆረጠችው በገና ሰሞን ነበር፤ የአባታችን ሙት ዓመት መጋቢት 21 ላይ ይውላል። ከመድረሷ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በተመደበለት ሆቴል በራሱ ወጪ 14 ቀን እንዲቆይ ታዘዘ። ከአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በርራ፣ ከቤታችን በታክሲ 20 ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ቀረች። የሙት ዓመቱ ዕለት ድንኳን አልተተከለም፣ ጎረቤት አልተጠራም። ሁለት ካህናት መጥተው ጸሎቱን ሲያደርሱ ስልኬን በቪዲዮ ከፍቼ ከፍ አድርጌ ያዝኩላት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሰማች፣ ግማሹ አመለጣት። የአባታችን ስም የተጠራበት ክፍል ካመለጣት ውስጥ ነበር።

በእነዚያ ሳምንታት የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ አዲስ ሐረግ ተማረ። በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ የሚያወጡትን የዕለቱን መግለጫ እንደ ዜና እረፍት ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር። የታማሚው ዕድሜ፣ ጾታው፣ ከዚያ ያ ሐረግ ይመጣል፦ «የውጭ ሀገር የጉዞ ታሪክ ያለው»፤ ወይም «የጉዞ ታሪክ የሌለው፣ በቫይረሱ ከተያዘ ሰው ጋር ንክኪ ያለው»። ይህን ሐረግ ለዓመታት ስጽፍበት በኖርኩት ቋንቋ ውስጥ ከዚያ በፊት አላውቀውም። ሕፃናት ሳይቀሩ አፋቸው ላይ ገባ። ጎረቤታችን ያለ ልጅ እናቴን «የርስዎ ልጅ የጉዞ ታሪክ አላት?» ብሎ ሲጠይቃት ሰምቻለሁ። ስድስት ዓመቱ ነበር።

አየር ማረፊያን ስለመዝጋትና መልሶ ስለመክፈት ብዙ ተጽፏል። እኔ ነገሩን በዚህ ሐረግ በኩል ማየት እመርጣለሁ። መዝጋቱም፣ ማላላቱም፣ በመጨረሻም ሰው ሁሉ መሰላቸቱ የሐረጉን ትርጉም እየተከተለ ነው የሄደው።

*

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በኮሮና የተያዘ ሰው የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። የ48 ዓመት ጃፓናዊ ሲሆን የመጣው ከቡርኪና ፋሶ ነበር። ከዚያ በፊት ለሳምንታት አገሩ በአንድ ጥያቄ ሲነታረክ ሰንብቷል፤ አየር መንገዱ ወደ ቻይና መብረሩን ለምን አያቆምም? የብዙ አገር አየር መንገዶች ሲያቆሙ የኛ ቀጠለ። ኃላፊዎቹ የሰጡት መልስ፣ አንዱን መስመር ብንዘጋ መንገደኛው በሌላ አገር ዞሮ ይመጣል የሚል ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ ከምዕራብ አፍሪካ ሲመጣ ክርክሩ ለጊዜው በረደ። እርግጥ የቻይናው በረራ አደጋ አልነበረውም ማለት አይደለም። ግን ስለ ቦሌ ምንነት አንድ ነገር ነገረን። ቦሌ መሸጋገሪያ ነው። ንጋት ላይ ከእስያ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከአውሮፓ የመጣው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ ኪንሻሳ፣ ወደ ሉሳካ፣ ወደ አቢጃን ይበተናል። እንዲህ ያለውን መገናኛ በአንድ መስመር መዝጋት አይቻልም፤ ወይ ሁሉን ትዘጋለህ፣ ወይ እያንዳንዱን ሰው ትመረምራለህ።

ሌሎች ሁሉን ዘጉ። እህቴ ቦሌ ባረፈችበት በዚያው መጋቢት 16 ኬንያ ዓለም አቀፍ የመንገደኞች በረራን አቆመች። ደቡብ አፍሪካና ናይጄሪያም ሰማያቸውን ቆለፉ። ኢትዮጵያ በመጋቢት አጋማሽ የ30 አገሮችን በረራ አገደች፤ ቀጥሎ የሌሎችም መስመሮች ተራ ደረሰ። ዋናውን በር ግን አልዘጋችም። ስለዚህ ጎረቤቶቻችን «በረራ ሊጀመር ነው» እያሉ ቀን ሲቆጥሩ፣ እኛ ዘንድ የሚጀመር ነገር አልነበረም። ናይሮቢና ኪጋሊ ሐምሌ 25 ቀን ሲከፍቱ፣ አክራ ነሐሴ 26፣ ሌጎስ ነሐሴ 30፣ ጆሃንስበርግ መስከረም 21 ሲከተሉ፣ ቦሌ ውስጥ የሚቀየረው የመግቢያው ደንብ ብቻ ነበር።

ይህ ማለት ኪሳራ አልነበረም ማለት አይደለም። በወቅቱ የአየር መንገዱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት አቶ ተወልደ ገብረማርያም፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ 550 ሚሊዮን ዶላር ገቢ እንደታጣ ተናግረዋል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በኋላ እንዳሰላው፣ በዓለም ዙሪያ በዓመት 4.5 ቢሊዮን ይደርስ የነበረው የመንገደኛ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 1.8 ቢሊዮን ወረደ። በዚያ መሐል ቦሌ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። ከ20 በላይ በሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ውስጥ ወንበሩን ነቅሎ ካርቶን ጫነበት። ከቻይና ጓንጁ በጃክ ማ ፋውንዴሽን ስም ለአፍሪካ አገሮች የተላከው የመመርመሪያ ኪት፣ ማስክና መከላከያ ልብስ መጋቢት 13 ቀን ቦሌ ደርሶ ከዚህ ነው ለየአገሩ የተከፋፈለው። ሚያዝያ 6 ቀን የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የዓለም ጤና ድርጅት እዚሁ የሰብዓዊ እርዳታ ማዕከል ከፈቱ። በዓመቱ፣ በየካቲት 2013 መጨረሻ፣ የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ገደማ ክትባት የገባውም በዚሁ በር ነው። ሰው ያመላልስ የነበረው ወንበር ተነቅሎ፣ ሰውን የሚያተርፈው ዕቃ ተጫነ።

ሁሉም ግን እንዲህ አልተረፈም። የአበባ እርሻ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ዘመዳችን፣ የሆላንድ የጨረታ ገበያ በመጋቢት ሲወድቅ የቆረጡትን ጽጌረዳ በጋሪ እያወጡ ጉድጓድ ውስጥ ይደፉት እንደነበር ነግራኛለች። ሲደፋ ሽታው ያሳዝናል አለችኝ።

*

አንድ የማውቀው የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ አለ። በዚያ ክረምት ሥራው እንደቀነሰ አስቤ ስጠይቀው ሳቀብኝ። የቆመ አውሮፕላን ከሚበረው ይበልጥ ያሠራል አለኝ። መኪና ቆልፈህ ትተኸው ትሄዳለህ፤ አውሮፕላን እንዲህ አይደለም። የሞተሩ አፍና ጅራት በሸራ ይሸፈናል። ከአፍንጫው አካባቢ ወጣ ብለው የሚታዩት ትንንሽ ቱቦዎች የአየሩን ግፊት ለክተው ለአብራሪው ፍጥነቱን የሚነግሩት ናቸው፤ ሳይሸፈኑ ከሰነበቱ ነፍሳት ገብተው ጎጆ ይሠሩባቸዋል። የተደፈነ ቱቦ ይዞ የተነሳ አውሮፕላን አብራሪውን ይዋሻል። በነዳጅ ጋኑ ሥር ውሃ ይጠራቀማል፣ በውሃው ውስጥ ሻጋታ ያድጋል፤ ስለዚህ ውሃው እየተቀዳ ይወጣል፣ ነዳጁም መድኃኒት ይጨመርበታል። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ተጭኖ እንዳይጎብጥ በየጊዜው ይንከባለላል። ይህ ሁሉ ይመዘገባል፣ ይፈረምበታል። መልሶ ለማስነሳት ደግሞ ያው ሁሉ በተራው ይፈተሻል።

ሰውም እንዲሁ ነው። አንድ አብራሪ መንገደኛ ይዞ ለመብረር ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መነሳትና ሦስት ጊዜ ማረፍ አለበት። በረራ ሲጠፋ ይህን የሚያሟሉት በምስለ በረራ ነው፤ ቦሌ የነበረው የአቪዬሽን አካዳሚ ለዚህ የሚሆኑ መሣሪያዎች ነበሩት። መንገደኞች ብዙ ጊዜ የሚፈሩት የአውሮፕላኑን አየር ነው። ባለሙያው ይህንንም አስረዳኝ። በዘመናዊ ጄት ውስጥ ያለው አየር በሁለት ሦስት ደቂቃ አንዴ ይቀየራል። ግማሽ ያህሉ ከውጭ የሚገባ ነው፤ የቀረው ተመልሶ ከመዞሩ በፊት በጣም ጥቃቅን ብናኞችን 99.97 በመቶ የሚይዝ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል። ይህ ማለት ከጎንህ ያለው ሰው ቢያስልብህ አይደርስብህም ማለት አይደለም። ማጣሪያው ሥራውን የሚሠራው አየሩ ከደረሰው በኋላ ነው፤ የጎረቤትህ ትንፋሽ ግን አንተ ጋ ይቀድማል። ማስክ ያስፈለገው ለዚያ ነው።

ሲነግረኝ ልብ ያልኩት አንድ ነገር ነው። በሱ ዓለም ማላላት የሚባል ቃል የለም። የቆመው ነገር የሚነሳው በየደረጃው ተፈትሾ፣ አንድ ሰው ስሙን ጽፎ ከፈረመበት በኋላ ነው። ያን ክረምት ከአየር ማረፊያው በር ውጭ ስንቱ ነገር ያለ ፊርማ ተከፈተ!

*

ሚያዝያ 2012 ሲያልቅ በመላ አገሪቱ በምርመራ የተገኘው ታማሚ 200 አልሞላም ነበር። ብዙዎቹ የጉዞ ታሪክ ያላቸው፣ በለይቶ ማቆያ ሳሉ የተገኙ ነበሩ። ሰኔ ሲያልቅ ቁጥሩ ከ6 ሺህ አለፈ። ያን ጊዜ መግለጫውን ልብ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ሐረጉ እየጠፋ መሄዱን ያስተውል ነበር። መጀመሪያ «የጉዞ ታሪክ ያለው» አነሰ፤ ቀጥሎ «ንክኪ ያለው» አነሰ። በመጨረሻ የሰዎቹ ዝርዝር ራሱ ቀርቶ ቁጥር ብቻ ቀረ።

በር የመዝጋት ጥቅም የሚበዛው ቤት ውስጥ ሌባ ከሌለ ነው። በሽታው ገና ሳይገባ ወይም ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ ከውጭ የሚመጣውን እያንዳንዱን ሰው ለ14 ቀን ማቆየት ትልቅ ነገር ነው፤ 14 የሆነውም ቫይረሱ ሰው ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ አምስት ቀን ገደማ፣ ቢዘገይ ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅበት ነው። በሽታው በየሰፈሩ ሲሰራጭ ግን ከዱባይ የመጣው ሰው ከመርካቶ ከመጣው ይበልጥ አደገኛ መሆኑ ይቀራል። ያን ጊዜ በመንገደኛው ላይ የሚጫነው ሸክም ከሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። ደንቡ የተላላውም በዚህ ስሌት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይም እንዳለበት ማንም አይክድም። በክረምቱ የሆቴሉ ቆይታ መጀመሪያ በግማሽ ቀንሶ 7 ቀን ሆነ፤ ቀጥሎ ከመድረሱ በፊት ባሉት 120 ሰዓታት ውስጥ ተመርምሮ ነፃ የሚል የፒሲአር ወረቀት ያሳየ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ራሱን እንዲያገልል ተፈቀደ። በቦሌም ለጤና ጥንቃቄ ታስቦ የተዘጋጀ አዲስ ተርሚናል ሥራ ጀመረ።

አምስት ቀን ረጅም ነው። ሰኞ አፍንጫው ተጠርጎ ነፃ የተባለ ሰው ማክሰኞ ሊያዝ፣ ቅዳሜ ወረቀቱን ይዞ ሊያልፍ ይችላል። ጋና ይህን ስላየች አክራ ላይ ያረፈውን ሁሉ እዚያው 150 ዶላር አስከፍላ በግማሽ ሰዓት ውጤት በሚሰጥ ምርመራ ታሳልፍ ነበር። በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ግን ምርመራ የሚሠራው በጥቂት ቦታ ስለነበር ውጤት ቀን ይፈጅ ነበር፤ አምስት ቀን የተፈቀደው መንገደኛው እንዲደርስበት ይመስለኛል። ስለዚህ ወረቀቱ ግማሽ መፍትሔ ነበር። ሌላው ግማሽ ቤት ገብቶ ራስን ማግለሉ ነው፤ እሱን የሚቆጣጠር አልነበረም። ወረቀቱ ግን ሰውን አሳመነ። ይህን የማሳመን ኃይሉን ሌቦችም አወቁት፤ በፓሪሱ ሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ የሐሰት የምርመራ ወረቀት ይሸጡ የነበሩ ሰዎች በጥቅምት 2013 መያዛቸው ተነገረ።

የከተማው መላላት ደግሞ ወረቀት እንኳ አልነበረውም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀው እህቴ ከሆቴል በወጣችበት በመጋቢት 30 ነው። ለአምስት ወር ሚኒባስ ታክሲ በግማሽ ወንበር ጭኖ እጥፍ ታሪፍ አስከፈለ። ረዳቱ በር ላይ ቆሞ በሃይላንድ ፕላስቲክ የያዘውን አልኮል እጃችን ላይ ጠብ ያደርግልን ነበር። ፋሲካን ቤተ ክርስቲያን ሳንሄድ በቴሌቪዥን ዋልን፤ ሙስሊም ወንድሞቻችን ኢድን በየቤታቸው ሰገዱ። አዋጁ በጳጉሜ ዋዜማ ጊዜው ሲያበቃ በበሽታው መያዙ የተረጋገጠው ሰው ወደ 60 ሺህ እየተጠጋ ነበር። እናቴ ታክሲ ተሳፍራ ጎኗ ሰው ሲቀመጥ «አለቀ ማለት ነው?» ብላ ረዳቱን ጠየቀችው። «አለቀ ማዘር!» አላት። እሱም እንደኛው ያመነውን ነው የተናገረው።

ከአየር ማረፊያው ወጥተህ ወደ መስቀል አደባባይ ስትመለስ በመንገድህ ላይ ሚሌኒየም አዳራሽን ታገኛለህ። ኮንሰርትና ባዛር የምናውቅበት ያ አዳራሽ በዚያ ክረምት አልጋ ተደርድሮበት የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆነ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ምሽት አጥሩ ስር ቆሜ ነበር፤ ውስጥ የተኛ ጓደኛ ነበረኝ፣ ልብስ ልሰጠው ሄጄ። የመከላከያ ልብስ የለበሰች ነርስ በር ላይ ፔርሙዝና ፒጃማ እየተቀበለች በወረቀት ፕላስተር ስም ትለጥፍበታለች። በላያችን አውሮፕላን ተነሳ፤ ከበፊቱ ወር ይልቅ እየተደጋገመ መምጣቱን ጆሮዬ ያውቀዋል። ነርሷ ቀና ብላ አላየችም። ስሙን ጻፍ አድርጋ ለጠፈች፣ ቀጣዩን ተቀበለች።

*

የሆቴሉን ታሪክ ስናገር ግን ልቤን የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። እህቴ የ14 ቀኑን ወጪ በዶላር ከፍላ ወጣች። ቀላል አልነበረም፣ ቻለችው። የአክስቴ ልጅ ግን የመጣችው ከጅዳ ነው። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ኢትዮጵያውያንን በሺዎች እየጫነች ትመልስ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለጊዜው እንዲቆም እስኪጠይቅ ድረስ። ለእነሱ የተመደበው ማቆያ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው የተላኩበት የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ነበር።

ያረፈችበት ተደራራቢ አልጋ አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ተማሪ በእርሳስ የጻፈው የፈተና ፕሮግራም ነበረበት፤ ሰኞ ካልኩለስ፣ ረቡዕ ፊዚክስ። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የሄደች ልጅ ናት። ሌላ የሚነበብ ስላልነበረ 14 ቀን እሱን እያነበበች ተኛች ነቃች። ስትወጣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ጡት መያዣዋ ውስጥ ከታ ወሎ ገባች።

እዚያ ግን ወረቀቱን የሚያነብ አላገኘችም። ከአረብ አገር ስትመጣ ቀድሞ ሰፈሩ ይወጣ ነበር፣ ሻንጣው ይከፈት ነበር፣ ሽቶና ሻሽ ይከፋፈል ነበር። አሁን ያለ ሻንጣ መጣች። ለቡና የሚጠራት ጠፋ። ከወንዝ ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ገለል ይሉላታል። «የኮሮናዋ ልጅ» ተባለች። በሽታው በዚያ ወረዳ ገና አልታየም ነበር፤ ሲታይም ያመጣችው እሷ አልነበረችም። በደንቡ ላይ የጉዞ ታሪክ ከ14 ቀን በኋላ ያበቃ ነበር። በሰው ዓይን መቼ እንደሚያበቃ ግን የሚወስን መመሪያ አልወጣም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው አምጥተው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ የጣሏቸውን ሴቶች ፎቶ አይተናል። አስፋልት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ተኝተዋል። ሰማዩ ለማን ክፍት እንደነበር የሚጠይቅ ሰው ያንን ፎቶ ይመልከት። ለካርቶንና ለማስክ መንገድ ተገኘ፣ ዶላር ለያዘ ሰው መንገድ ተገኘ። ለእነሱ የተገኘው ከብዙ ልመናና ከብዙ ሌሊት በኋላ ነው። አገር እንደገና ስትከፈት መጀመሪያ የሚገባው ማን ይሁን የሚለው ጥያቄ የጤና ባለሙያ ብቻውን የሚመልሰው አይመስለኝም። እኔ ብጠየቅ የምመልሰው ይታወቃል፤ አስፋልት ላይ ያሉት ይቅደሙ።

*

እህቴ ሁለተኛ ጊዜ የመጣችው በታኅሣሥ 2013 ነው። የምርመራ ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ ከፓስፖርቷ ጋር ይዛለች። አንዱ ሠራተኛ የሙቀት መለኪያውን ግንባሯ ላይ አነጣጠረ፣ ሌላው ቀኑን በጣቱ ቆጠረ፣ አለፈች። ያኔ 14 ቀን የፈጀው በር አሁን ከሻንጣው ቀድሞ ተከፈተ።

እኔና እናቴ ከተርሚናሉ ውጭ መኪና ማቆሚያው ጋ ነበርን። አበባ የያዘ፣ ፊኛ የያዘ፣ ማስኩን አገጩ ላይ ያወረደ ብዙ ሰው አለ። ከበሩ ሰው በወጣ ቁጥር እልልታ ይቀልጣል፣ መሳሳሙም እንደ ድሮው ነው። እናቴ እህቴን ስታይ ሁለት እጇን ዘርግታ ተንደረደረች። እህቴ ጋሪውን ለቃ መዳፏን ወደፊት አቆመች።

«እማዬ ቆይ። ትንሽ ቀን ቆይ።»

እናቴ ቆመች። እጆቿ አየር ላይ ቀሩ። ከዚያ ሰብስባ ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻት፣ እንደ ትልቅ እንግዳ። እናት ለልጇ እንዲህ ስታጎነብስ አይቼ አላውቅም። እህቴ ከመኪናው የኋላ ወንበር መስኮቱን ከፍታ ተቀመጠች፤ እስከ ቤት ድረስ ማናችንም ብዙ አላወራንም።

ቤት ጓዳ ያለውን ክፍል ለቀቅንላት። እህቴ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በዚያ ዓመት ከሚጦሯቸው ሰዎች ስንቱን እንደሸኘች ነግራን አታውቅም፣ እኛም አልጠየቅናትም። ወረቀቴ ነፃ ይላል ብላ አላረፈችም። ምግቧን በር ላይ እናስቀምጥላታለን፣ እኛ ዞር ስንል ትወስዳለች።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ቡና አፈላች። ሳሎን ለረከቦቱ የተለመደ ቦታ አለው፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ። እዚያ አላስቀመጠችውም። ሳሩን ኮሪደሩ ላይ ጎዘጎዘች፣ ከሰል ማንደጃውን አመጣች፣ ዱካዋን ከእህቴ ክፍል በር ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ አድርጋ ተቀመጠች። በሩ ተከፍቷል። እህቴ ማስኳን አድርጋ ከውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ናት። ጭሱ ወደሷ እንዲሄድ እናቴ በማራገቢያ ገፋ ገፋ አደረገችው።

አቦሉንም፣ ቶናውንም እንዲሁ ጠጡ። ስለ አባቴ አወሩ፤ የዚያን ዕለት ያመለጣትን፣ ካህኑ ምን እንዳሉ፣ ስሙን ስንት ጊዜ እንደጠሩት እናቴ አንድ በአንድ ነገረቻት። በረካው ሲደርስ ስኒውን ሞልታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችና በጣቷ ጫፍ ወደ በሩ አስጠጋችው። ወደ ኋላ ስትል እህቴ መጥታ ጎንበስ ብላ አነሳችው።